የተቀባይዋ ቦታ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለእታለም፣

ሰላምታውን ረዘም አድርጌ ልጽፈው ነበር፤ ግን አንቺ ሰላምታውን ዘለሽ ወሬው ያለበት ላይ እንደምታርፊ ስለማውቅ አሳጠርኩት። እኔ ደህና ነኝ። እማን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ እንደተቀየመችኝ ባውቅም ሳሚልኝ።

አይ፣ ክፍሉ አይረጥብም። አንድ መስኮት አለው፣ እሱም የሚከፈተው ወደ ዳቦ ቤት ጓሮ ስለሆነ ልብሴ ሁሉ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። አከራዬ ደግ ሴት ናቸው። ጊታር ስነካ ግድግዳውን ይደበድባሉ፤ ሳቆም ደግሞ ምነው ታመምሽ እንዴ ብለው በር ያንኳኳሉ። እበላለሁም። ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ እበላለሁ።

ስቱዲዮው ከጎማ ቤት በላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳውን በሙሉ በስፖንጅ ለብጠውታል፤ ፍራሽ ውስጥ የገባሽ ይመስልሻል። ባለቤቱን ሰው ሁሉ “ጆሮ” ነው የሚለው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም እሱም ሳይረሳው አልቀረም። የገዛ ጆሮው ትንሽዬ ናት፣ ግን ከታች ጎማ ቤት ብሎን ሲወድቅ የትኛው ብሎን እንደሆነ ያውቃል ይሉታል። ማስታወቂያ የማይቀረጽበትን ጧት ለእኔ ሰጥቶኛል፤ በምትኩ ማስታወቂያ ሲመጣ እዘፍንለታለሁ። የመጀመሪያው ምን እንደሆነ ልንገርሽ? የልብስ ሳሙና። ሳቂ፣ ሳቂ። ከላውንደሪ ልውጣ ብዬ ስንት ለምኜ፣ ወጥቼ የማወድሰው ሳሙና ሆነ።

አልበሙ ስምንት ዘፈን ነው፤ ስምንቱም እኔና አንቺ መተኮሻው ክፍል ውስጥ የሠራናቸው ናቸው። ጆሮ የመጀመሪያውን ሰምቶ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም አለኝ። ስድብ ይሁን ምስጋና አልለየሁትም፤ ምስጋና ነው ብዬ ወሰድኩት። አሳታሚ የለኝ፣ የሚያውቀኝ የለ፣ ያገኘሁትን በጎ ቃል ሁሉ መውሰድ አለብኝ። እንደተስማማነው የእኔን መስመር ብቻ እየዘፈንኩ የመጨረሻዋን ስንኝ ላንቺ ክፍት እየተውኩ እሄዳለሁ። የእኔ ሲያልቅ ትመጪና ስምንቱንም ትቀበዪኛለሽ። ተቀባይዋ የታለች ሲለኝ፣ ካውያዋን ልታስቀምጥ ነው፣ ትመጣለች አልኩት።

ስልክሽ ግን ምን ሆኗል? በደወልኩ ቁጥር እማ ታነሳና “አሁን ወጣች” ትላለች። የት ነው የምትወጪው አንቺ? ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ነበርሽ። ጎረቤታችን ሹፌሩ አውቶቡስ መናኸሪያ ቆሞ ያንቺን ወረቀት ሲሰጠኝ፣ ከዚህ በኋላ በደብዳቤ ነው ብላለች ሲለኝ፣ ሳቄን ለቀቅኩት። በዚህ ዘመን። ግን ወድጄዋለሁ፤ ትራሴ ሥር አድርጌው ተኛሁ።

ፌንጣሽ

*

ጥቅምት 25

ለፌንጣዬ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ ጥጉን ዘይት ነክቶታል፣ የሹፌሩ ምሳ ይሁን ያንቺ ዳቦ ቤት እንጃ። እማ በደህና አለች። ግንባሯን ሳምኳት፣ የማን ነው አለች፣ ያንቺ ነው ስላት በመዳፏ ጠረገችው። በኋላ አልጋዋን ሳነጥፍ ግን ደብዳቤሽን ትራሷ ሥር አገኘሁት። ትራስ ሥር ማስቀመጥ ከእሷ ነው የወረስሽው። እናትሽ ኩርፊያዋ ከላይ ከላይ ነው፣ አትጨነቂ።

ስልኩ ጤና የለውም። ታዲያ መልእክት ላኪልኛ ትያለሽ፤ እኔ በእነዚህ እንፋሎት በቀቀላቸው ጣቶች አንዱን ፊደል ስነካ ሦስት ይመጣል። ወረቀት ይሻለኛል። እማ በላከችልሽ ፎቶ ላይ ያየሽው ሻርፕ የእሷ ነው። ጉንፋን ይዞኝ ነው ያሰርኩት፤ ድምፄንም ጎርነን አድርጎታል። ያልፋል።

ስለ ሥራ ቤት ለጠየቅሽኝ፣ ያው ነው፤ ሸሚዝ ይመጣል፣ ሸሚዝ ይሄዳል። ያንቺን ቦታ ለአዲስ ልጅ ሰጥተዋል። ጋሼ መጀመሪያ ትመለሳለች ብለው ባዶ ይዘውት ነበር፤ ላውንደሪው የሳቸው ነው፣ ጠረጴዛውም የሳቸው ነው፣ ግን አትመለስም፣ ለሰው ስጡት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ክፉ ሆኜ አይደለም። ከባዶ ቦታ ፊት ለፊት ቆሞ መዋል ከባድ ነው። አዲሷ ልጅ ጥሩ ናት፤ ኮሌታ ታቃጥላለች፣ አትዘፍንም።

ሳሙናሽን ሰማነው። ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ጋሼ ድምፁን ጨምረው፣ ዝም በሉ የእኛ ልጅ ናት አሉ። የምናጥብበት ሳሙና ግን የሌላው ነው።

መቼ ነው የምትመጪው ላልሽው፣ እናያለን። እማን ለማን ጥዬ? የጉልበቷን ነገር ታውቂያለሽ። አንቺ ብቻ ሥራሽን ሥሪ። በልተሽ ሥሪ።

እታለምሽ

*

ኅዳር 17

ይድረስ ለእታለም፣

ጉንፋኑ እስካሁን አለቀቀሽም? ምን ዓይነት ጉንፋን ነው እሱ፣ ቤት ተከራየ እንዴ። ሐኪም ጋ ሂጂ። አውቃለሁ፣ አልሄድም ትያለሽ፤ አንቺ ሐኪም ቤት በር ላይ ሲያዩሽ ጠያቂ ነው የምትመስያቸው።

እኔ አንድ ነገር ገጥሞኛል፤ ካንቺ በቀር የሚፈታው የለም። ስምንቱም ዘፈን ውስጥ ክፍተት አለ። የእኔ መስመር አልቆ አንቺ ከመግባትሽ በፊት፣ ሁሌ እዚያው ላይ፣ ሙዚቃው ይቆማል። እኔ ኖሬበት አላውቀውም ነበር፤ ጆሮ ነው ያገኘው። ድራም መቺው ምቱን ይዞ ይመጣል፣ ይመጣል፣ ከዚያ ጉድጓድ እንደገባ ሰው ይወድቅበታል። ሁለት ቀን ሙሉ ሞከረ። በመጨረሻ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ እህቴ ይሄ ዘፈን የልብ በሽታ አለበት አለኝ።

ጆሮ ለምንድነው እዚህ ላይ የምትቆሚው ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ ነው የምንዘፍነው አልኩት። ለምን ሲል፣ ምን ልበለው? እኔም አላውቅም። ኮምፒውተሩ ላይ ክፍተቱን ቆርጦ አወጣና አሰማኝ። እታለም፣ የእኔ አይመስልም። ትንፋሽ ሳይወስድ የሚያወራ ሰው ይመስላል። መልሰው ብዬ ለመንኩት። እንግዲያውስ ምክንያቱን አምጪ አለ።

ይኸውልሽ፣ የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ብቻዬን ቆሜ

“ስንቱን አሳመርኩት ልብሱን እየተኮስኩ”

እላለሁ፣ ከዚያ ክፍተቱ ይመጣል፣ ከዚያ ያንቺ

“የራሴን ሳላቃና እዚህ ላይ ደረስኩ”

የለም። ያንቺ ከሌለ የእኔ ጉራ ነው። ነገሩ ያለው አንቺ ጋ ነው፤ ስምንቱም ላይ እንዲሁ ነው። እኔ እጠራለሁ እንጂ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። አሁን ብቻዬን ስዘፍነው ነው የገባኝ።

መምጣቱ ቢዘገይ እንኳ በሰው ስልክ ቀድተሽ ላኪልኝ፤ ጆሮ ያጸዳዋል። ይሄ አልበም ካልሆነ የምመለስበት የለኝም፤ ቦታዬንም ለሰው አሰጥተሽብኛል። ቀልዴን ነው። ግማሹን ቀልዴን ነው።

ፌንጣሽ

*

ታኅሣሥ 5

ለፌንጣዬ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። አንቺ ልጅ፣ ያ ክፍተት ፕሬሱ ነው፤ የእንፋሎት መተኮሻው።

ባለፕሬሷ ክዳኑን ስትጫነው የሚጮኸውን ረሳሽው? ያ ጩኸት ሲመጣ እንኳን ዘፈን የጋሼም ቁጣ አይሰማም። ስለዚህ እንቆማለን። አንቺ መስመርሽን ትጨርሻለሽ፣ ክዳኑ ይወርዳል፣ ትንፋሽ እንወስዳለን፣ ክዳኑ ሲነሳ እኔ ከእንፋሎቱ ሥር እገባለሁ። ስንት ዓመት እንዲያ ስንል ዘፈኑ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ቤት ስንዘፍንም፣ ልብስ ስናሰጣም፣ ፕሬስ በሌለበት ሁሉ ለፕሬሱ ቦታ እንለቅ ነበር ማለት ነው። እኔም አንቺ እስክትጠይቂኝ አላስተዋልኩትም።

ለባለፕሬሷ ነገርኳት። ከተማ ያለ ድራም መቺ እኔን መከተል አቃተው ማለት ነው ብላ ቀኑን ሙሉ ደረቷን ነፍታ ዋለች።

እንዳታስቆርጪው። ሰውዬሽ ቢቆጣም ጆሮ ዳባ ልበስ በይው፤ ለስሙም ይስማማዋል። ድራም መቺውን ደግሞ አንድ ቀን ላውንደሪ ወስደሽ አቁሚው፣ ይገባዋል።

በስልክ ቅጂ ያልሽው አይሆንም። ሥራ ቤቱ ይጮሃል፣ ቤት እማ አለች። መምጣቱም የሚሆን አይመስለኝም። ለምን እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እሱን ሆድ ይፍጀው። ትንሽ ቀን ስጪኝና ቁርጡን እነግርሻለሁ።

እማ ሹራብ ልካልሻለች። ከእኔ ነው በይ ብላኛለች፤ ከእኔ ነው።

እታለምሽ

*

ጥር 4

ለእህቴ፣

አጭሯ ወረቀት ደረሰችኝ። “አልመጣም፣ ሌላ ተቀባይ ፈልጊ።” ይኸው ነው? ሰላምታ እንኳ የላትም። ለጋሼ ደንበኛ ከዚህ የረዘመ ትጽፊለታለሽ፤ እድፉ አለቀቀም ብለሽ ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ።

ሕንፃው ሊፈርስ ነው። ጆሮ በወሩ መጨረሻ ዕቃውን ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ስቱዲዮ የለም፣ ጧት የለም፣ ምንም የለም። ያንቺን ስንኝ ስጠብቅ ነው ጊዜው ያለቀው። የፕሬሱን ነገር ስነግረው እንዴት እንደተደሰተ ብታዪ፤ ከወንበሩ ተነስቶ ነው የቆረጠውን የመለሰው። ድራም መቺውም አሁን ክፍተቱ ላይ ዱላውን አንስቶ ይጠብቃል። ሁሉም ሰው ቆሞ ይጠብቅሻል፤ አንቺ ግን አልመጣም ነው የምትዪው፣ ለምን የለም፣ በምን ምክንያት የለም።

ልጠይቅሽ። ቅናት ነው? ድምፅሽ ከእኔ ድምፅ ይበልጣል። ሁሉም ያውቃል፣ እማም ታውቃለች፣ እኔ ከማንም በፊት አውቃለሁ። እኔ ወጣሁ፣ አንቺ ቀረሽ። ይሄ ከሆነ ንገሪኝና ይውጣልሽ። ከኖርኩበት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብዬ አልጠረጠርኩም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ለካ ይሄ ነው።

ጆሮ ሆቴል የምትዘፍን አንዲት ሴት አግኝቷል። ወፍራም ድምፅ አላት ይላል። መስመርሽን ከወሰደችው የሰጠሻት አንቺ ነሽ።

*

ጥር 15

ለፌንጣዬ፣

አልተቀየምኩሽም። ሌላውን ከማንበብሽ በፊት እሱን እወቂልኝ።

ድምፅ የለኝም። ጉንፋን አይደለም። እንቅርቴን አስወጥቼ ነው።

ያንን አንቺ “ሎሚዬ” እያልሽ የምትቀልጂበትን። ዝቅ ብዬ ስዘፍን ያንቀኝ ነበር፤ ደብቄሽ ነው እንጂ ከቆየ ቆይቷል። ማይክ ፊት ቆሜ ስምንት ዘፈን ልቀበል ነው ስል፣ በዚህ ጉሮሮ አይሆንም አልኩ። አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ ገብቼ ተኛሁ። ሳትሰሚ ድኜ፣ አንገቴ ቀጥ ብሎ፣ ድንገት መጥቼ ላስደንቅሽ ነበር። ሐኪሙ ሳይደብቅ ነግሮኛል፤ የድምፅ ነርቭ እዚያው አጠገቡ ናት፣ አልፎ አልፎ ትጎዳለች አለኝ። አልፎ አልፎ የሚባለው ሰው ሌላ ሰው መስሎኝ ፈረምኩ። ስነቃ ነርሷን ውሃ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። የወጣው አየር ነው።

ይመለስ ይሆናል ጠብቂ አሉኝ፤ ጠበቅሁ። ሻርፕ አስሬ፣ ሙቅ ውሃ ጠጥቼ፣ ሰው በሌለበት ጓሮ ገብቼ እየሞከርኩ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ሄጄ ሲያዩኝ፣ እንግዲህ ይኸው ነው አሉኝ። አጭሯን ወረቀት የጻፍኩት የዚያን ዕለት ከሐኪም ቤቱ አጥር ጋ ቆሜ ነው። ሰላምታ የሌላት ለዚያ ነው።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይላሉ። የእኔ እንቅርቱ ወጥቶ ነው ጆሮ ደግፉ የመጣው።

አሁን በሹክሹክታ ነው የማወራው። ላውንደሪ ውስጥ ሹክሹክታ ማን ይሰማል? ሰው ስፈልግ ጠረጴዛውን በማንጠልጠያ እመታለሁ፤ አዲሷ ልጅ ትደነግጥና ሌላ ኮሌታ ታቃጥላለች። “ወጣች በያት” ያልኳት እኔ ነኝ፤ እማ መዋሸት አስጠልቷት ነበር። አንቺ ስትደውዪ የትም አልወጣሁም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ጆሮዬን ከስልኩ ጀርባ ለጥፌ፣ ያንቺን ድምፅ እሰማ ነበር።

ቅናት ላልሽው፣ ትንሽ አለ። ሰው ነኝ። ግን ቅናት ቢሆን ኖሮ አንቺን ለመቀበል አንገቴን አላስከፍትም ነበር።

ያቺን ሴት ውሰጃት። የፕሬሱን ነገር አስረጃት፤ ሌላው ቀላል ነው።

እታለምሽ

*

ጥር 24

እታለም፣

ሰው ክፉ ሲናገር ምነው አፌን በቆረጠው ይላል። እኔ የጻፍኩት በእጄ ነው፣ ምነው እጄን በቆረጠው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ፤ በወረቀት የወጣው ደግሞ የባሰ ነው፣ አሁንም አንቺ ጋ ተቀምጧል። እባክሽ ቅደጂው። ያንን ወረቀት ሳትቀድጂ ይቅር ብዬሻለሁ አትበዪኝ።

ልመጣ ነበር። ልብሴን በፌስታል ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። ሹፌሩ አየኝና፣ እህትሽ፣ ብትመጣ እንዳታሳፍራት፣ ሥራዋን ትጨርስ ብላኛለች፣ እኔ ደግሞ እሷን እፈራለሁ አለኝ። ድምፅ ሳይኖርሽም ሰው ይፈራሻል። ተመለስኩ። አከራዬ ሳለቅስ ሰምተው መጡ፤ ምንም ሳይጠይቁ ጫማዬን አወለቁልኝ።

ሴትየዋ መጣች። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ጎበዝ ናት፣ ደግሞም ትሑት። ክፍተቱን አስረዳኋት፣ ጠበቀች፣ በልኩ ገባች፣ ያንቺን ስንኝ አለችው። ጆሮ ዐይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን አስቁሙልኝ አልኩ። አንድ ስህተት የላትም፤ አንቺ አለመሆኗ ነው እንጂ። ይቅርታ ጠይቄ ሸኘኋት።

ወስኛለሁ፣ አትከራከሪኝ። ቦታሽ ላይ ማንም አይገባም። በስምንቱም ዘፈን የመጨረሻዋ ስንኝ ባዶ ትሆናለች፤ እኔ የእኔን እዘፍናለሁ፣ ክፍተቱ ይመጣል፣ ከዚያ ጊታሩ ብቻውን ያንቺን መስመር ይሄዳል። ጆሮ፣ ሰው ቅጂው የተበላሸ ይመስለዋል፣ ማንም አያጫውትልሽም አለኝ። እንግዲያው አያጫውቱት አልኩት። ቦታው ያንቺ ነው። ያንቺ እንደሆነ ይቆያል።

ፌንጣሽ

*

ሚያዝያ 20

ይድረስ ለእታለም፣

ሦስት ደብዳቤ ላክሁ፤ መልስ የለም። ሹፌሩን ስጠይቀው ደህና ናቸው ይለኛል፣ ዐይኔን ግን አያይም። ከመጨረሻው ጋር አልበሙን በፍላሽ ልኬልሻለሁ። ደርሶሽ ይሆን?

አልበሙ እንዴት ሆነ ብላ እማ በሹፌሩ አስጠይቃኛለች። እንዲህ ሆነ። የምረቃው ቀን የመጣው የጆሮ ወንድም፣ የድራም መቺው ጓደኞች፣ አከራዬና አከራዬ አስገድደው ያመጧቸው ሁለት ጎረቤቶች ናቸው። የቀሩትን ወንበሮች እንዳያስጠሉ አንድ ጥግ ደራረብናቸው። የመጀመሪያው ክፍተት ላይ አጨበጨቡ፣ ያለቀ መስሏቸው። ሁለተኛው ላይ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ በኋላ አከራዬ ብቻ ናቸው ያጨበጨቡት፣ በተሳሳተ ቦታ።

ሬዲዮ ጣቢያ ወሰድኩት። ሙዚቃ የሚመርጠው ሰውዬ ሁለት ዘፈን ሰማና፣ እህቴ ቅጂው ይዘላል፣ ጥሩውን ይዘሽ ነይ አለኝ። አይዘልም፣ እንዲህ ነው አልኩት። ግጥሙ ጠፍቶሽ ነው? አለኝ። አውቆ ሊያሳዝነኝ አልነበረም፤ የምሩን ነው የጠየቀው። ሌሎቹ ጋ አልሄድኩም።

ሕንፃው ፈርሷል። ጆሮ ዕቃውን ዘመድ ጓዳ አስቀምጦ የሰው ድግስ ላይ ድምፅ ማጉያ ያቆማል። እኔ መስኮቴ ሥር ያለው ዳቦ ቤት ገብቻለሁ፤ ሊጥ አቦካለሁ። ጊታሩ አከራዬ ቁም ሣጥን ላይ ነው። ጎማ የሚሸጠው ሰውዬ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ ምነው ዘፈን ተውሽ ሲለኝ፣ ለጊዜው አልኩት። ለጊዜው አይደለም። እማ ተመለሺ ብላለች አሉ። ወደ ምን?

ግን አንድ ነገር አላሳፈረኝም። ቦታሽን ጠብቄልሻለሁ። ሁሉም እያባበለኝ፣ ሁሉም እየተቆጣኝ፣ ማንንም አላስገባሁበትም። ከዚህ ሁሉ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፤ ሊጥ እያቦካሁ እሱን ነው የማስበው። ሰምተሽው ከሆነ አንድ ቃል ጻፊልኝ።

ፌንጣሽ

*

ግንቦት 12

ለፌንጣዬ፣

ደብዳቤዎችሽ ሁሉም ደርሰውኛል። ያንን የቁጣውን ቀድጄዋለሁ፣ በዚያ ሰላም እደሪ። መልስ ያጣሁት በኩርፊያ አይደለም። የምጽፈውን ስለማውቀው ነው የዘገየሁት።

አልበምሽን ሰምቼዋለሁ። ቤት ይዤው ልሄድ ነበር፤ ባለፕሬሷ ከእጄ ነጠቀችኝና፣ ድራም መቺዋ እኔ አይደለሁ እንዴ፣ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ ብላ ጋሼ ሬዲዮ ላይ ሰካችው። ጋሼ ከቢሯቸው ወጡ። ልጆቹ ካውያቸውን አቆሙ። አዲሷ ልጅ እንኳ አቆመች።

ድምፅሽ አምሯል። በስሏል። እኔ ከማውቀው ከፍ ብሏል፣ ኮራሁብሽ፤ ይሄን ሌላው እንዳይሸፍንብሽ። “ስንቱን አሳመርኩት” አልሽ፣ መስመርሽን ጨረስሽ፣ የባለፕሬሷ እጅ በልማድ ሄዶ ክዳኑን ጣለው። ልክ በቦታው። ፕሬሱ ጮኸ። ክዳኑ ተነሳ፣ እንፋሎቱ ወጣ፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አስበው አይደለም፤ ስንት ዓመት እንዲያ ነበርና ነው። እኔም አፌን ከፍቼ ነበር።

ከዚያ ጊታሩ ብቻውን ሄደ።

ግጥሙን ሁሉም ያውቁታል። ጋሼም ያውቁታል። ማንም አላነሳውም፤ የእኔ ነው ብለው አከበሩኝ። አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፍተው መተኮስ ጀመሩ። ሁለተኛው ዘፈን መጣ፣ ያው ቦታ ደረሰ፣ ያው ሆነ። አጥፉት እንዳልል ድምፅ የለኝም፤ በማንጠልጠያ ጠረጴዛ መትቼ ያንቺን ዘፈን ማስቆም ደግሞ አልሆነልኝም። ስምንቱንም ቆሜ ሰማሁ።

ግሩም ነው ብዬ ልጽፍልሽ ስንት ጊዜ ወረቀት አነሳሁ። ግን ዋሽቼሽ ያመጣውን አይተናል። ፌንጣዬ፣ ድምፄን የጠበቅሽልኝ መስሎሽ ነው። በፍቅር ነው ያደረግሽው፣ አውቃለሁ፣ ከልቤ አውቃለሁ። የቀረጽሽው ግን ዝም ማለቴን ነው። እስካሁን እኔና እማ ቤት ውስጥ የያዝነው ነገር ነበር፤ አሁን የከፈተው ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ያንቺን ቦታ ጋሼ ባዶ ሲይዙት ለሰው ስጡት ያልኳቸው ለምን ይመስልሻል? ያቺ ሴት ብትዘፍነው ይሻለኝ ነበር። የሆቴል ዘፋኝ ሆነች፣ ኮሌታ አቃጣይ ሆነች፣ ማንም ብትዘፍነው ይሻለኝ ነበር።

የቀረኝ እሱ ብቻ ነው ብለሽኛል፤ እሱንም ከእጅሽ ወሰድኩብሽ። ይቅር በዪኝ።

ሌላ አልበም ትሠሪ እንደሆነ አላውቅም። የምትሠሪ አይመስለኝም፤ እኔም በርቺ የምልበት ጉልበት አላገኘሁም። ከሠራሽ ግን ለእኔ ቦታ አትተዪ። የመጨረሻዋንም ራስሽ ዝፈኛት።

እማ ደህና ናት። ዳቦ ቤት መግባትሽን ስነግራት፣ እንግዲያው አትራብም አለች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፍላሹ ባለፕሬሷ ጋ ነው። ከምሳ በኋላ ትከፍተዋለች፤ ወዳው እንጂ እኔን ልታሳዝን አይደለምና አልከለከልኳትም። እሷ ስትከፍት እኔ የታጠበውን ይዤ ላሰጣ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። እዚያም ይሰማል። ፕሬሱ ሲጮህ ግን፣ የማይለቀኝ ልማድ ሆኖብኝ፣ ገመዱ ሥር ቆሜ አሁንም ትንፋሽ እስባለሁ። ከዚያ የሚቀጥለውን አንሶላ አነሳለሁ።

እህትሽ